ሠንጠረዡና ኢስናዱ፦ «የፓስካል ጎነ ሦስት» በሚባለው የቁጥር ድርድር ላይ የቀረበ ሂስ

ከጊኒር መድረሳዎች ተነሥተው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ሮቤ ወደሚገኘው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የሚያልፉ ደረሳዎች አንድን የቁጥር ሠንጠረዥ ሁለት ጊዜ ሊያገኙት በተገባ ነበር፤ መጀመሪያ በሚራስ ሐለቃ፣ ኋላ በሒሳብ ክፍል። የሚያገኙት ግን በሁለተኛው ብቻ ነው፤ ያውም በፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ስም ተሰይሞ። ከመድረሳ በኩል ስለ ሠንጠረዡ የሚደርሳቸው ነገር ካለ ትምህርት ሳይሆን ፉከራ ነው። «የእኛ ዑለማዎች ፈጠሩት፣ ፈረንጅ ሰረቀው» ይባላል። ተናጋሪው ሠንጠረዡን በሰሌዳ ላይ እንዲሠራው ቢጠየቅ ግን አራተኛው ረድፍ ላይ መድረሱ ያጠራጥራል።

ይህ ጽሑፍ ዝምታውንም ፉከራውንም ይተቻል። ጉዳዩ የክብር ብቻ አይደለም። ኢማሙ በሚንበር ላይ ስለ ቁጥር ታሪክ የተናገረውን ደረሳው በማግሥቱ ሊመረምረው ይችላል። ንግግሩ መሠረት የሌለው ሆኖ ካገኘው፣ ኢማሙ ስለ ሐዲስ ሲናገርም በዚያው በተጠራጠረበት ጆሮ ያደምጠዋል።

ሠንጠረዡ ራሱ ለማንም የማይከብድ ነው። ከላይ 1 ይጻፋል፤ ከሥሩ 1 እና 1። ከዚያ የሚከተለው ረድፍ ሁሉ በ1 ጀምሮ በ1 ይፈጸማል። በመካከል የሚገኘው እያንዳንዱ ቁጥር ከበላዩ ያሉት የሁለት ጎረቤታሞች ድምር ነው፦

1
1 1
1 2 1
1 3 3 1
1 4 6 4 1
1 5 10 10 5 1

ከላይ ያለውን ብቸኛ 1 ሳንቆጥር ብንሄድ የመጨረሻው አምስተኛው ረድፍ ይሆናል። የሚነግረንም ይህን ነው፤ ከአምስት ነገሮች ምንም አለመምረጥ በ1 መንገድ፣ አንዱን መምረጥ በ5፣ ሁለቱን በ10፣ ሦስቱን በ10፣ አራቱን በ5፣ ሁሉንም መምረጥ በ1 መንገድ ይቻላል። ድምሩ 32 ነው። በአልጀብራ ደግሞ የሁለት ቁጥሮች ድምር ወደ አምስተኛ ርቢ ከፍ ሲደረግና ሲዘረዘር በየክፍሉ ፊት የሚቆሙት ቁጥሮች እነዚሁ ናቸው። በአካባቢያችን ቁጥር የሞላበት ሠንጠረዥ ሲያይ ክታብ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ይህ ወፍቅ አይደለም፤ የተሰወረ ምሥጢርም የለበትም፤ አንገት ላይ ቢንጠለጠልም የሚያመጣውም የሚመልሰውም ነገር የለም።

አሁን ወደ ባለቤትነቱ እንለፍ። እኛ ዘንድ አንድን ቃል ለባለቤቱ ለመስጠት ኢስናድ ይጠየቃል። «የእኛ ነው» የሚለውን አባባል በዚሁ በራሳችን ሚዛን ብንመዝነው ምን እናገኛለን?

ሠንጠረዡ የሚሰጠው ለአቡ በክር አል-ከረጂ ነው። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1000 ዓመት ግድም በባግዳድ የሠሩ የአልጀብራ ሊቅ ሲሆኑ «አል-ፈኽሪ» የተሰኘው መጽሐፋቸው ዛሬም አለ። ሠንጠረዡን የያዘው ጽሑፋቸው ግን ጠፍቷል። ወሬው ወደ እኛ የደረሰው በአስ-ሰመውአል ኢብኑ የሕያ አል-መግሪቢ በኩል ነው። አስ-ሰመውአል «አል-ባሂር ፊል ጀብር» በተባለው መጽሐፋቸው ሠንጠረዡን እስከ አሥራ ሁለተኛው ርቢ ዘርግተው የአል-ከረጂ መሆኑን ይናገራሉ። በሐዲስ ሊቃውንት አነጋገር ዘገባው ገሪብ ነው፤ በአንድ አስተላላፊ ላይ የቆመ።

አስተላላፊው ማን ናቸው? አባታቸው ከመግሪብ የመጡ አይሁዳዊ ሊቅ ነበሩ። እርሳቸው በባግዳድ አደጉ፤ «አል-ባሂር»ን የጻፉት በ19 ዓመታቸው እንደሆነ ይነገራል። እስልምናን የተቀበሉት ግን እ.ኤ.አ. በ1163 በመራጋ፣ ሠላሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። እንግዲህ ዕድሜውን ብናሰላ ሠንጠረዡን ያቆየልን ብዕር በጊዜው የአንድ አይሁዳዊ ወጣት ብዕር ነበር ማለት ነው። ይህ ሲነገር በኹጥባ ሰምቼ አላውቅም።

ይህ ሊያሳፍረን አይገባም፤ የሐዲስ ሊቃውንት እንኳ በቀረበው ጉዳይ ላይ ተወያይተዋል። ጁበይር ኢብኑ ሙጥዒም (ረ.ዐ.) ገና ሳይሰልሙ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመግሪብ ሶላት ሱረቱ አጥ-ጡርን ሲቀሩ ሰምተው፣ ከሰለሙ በኋላ ያስተላለፉት ዘገባ ተቀባይነት አግኝቷል። ሰው በክህደት ላይ ሳለ የሰማውን በእስልምናው ሊያደርስ ይችላል። የአስ-ሰመውአል ነገር ከዚህም የቀለለ ነው፤ የሚያስተላልፉት ሸሪዓ አይደለምና። የእርሳቸውን ቃል የሚያከብደው ሌላ ነገር ነው። የቀደሙትን ለመተቸት የማይሰስቱ ሰው ነበሩ፤ የኮከብ ቆጣሪዎችን ስሕተት የሚያጋልጥ መጽሐፍ ሳይቀር ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ሰው፣ ያውም በወጣትነቱ፣ ለራሱ ሊወስደው የሚችለውን ነገር ይዞ «የእገሌ ነው» ሲል ምስክርነቱ ይታመናል። ደግሞም ኢስናድ የሚያስፈልገው ለባለቤትነቱ እንጂ ለሠንጠረዡ እውነትነት አይደለም። 4 እና 6 ሲደመሩ 10 መሆናቸውን ለመቀበል የአስተላላፊውን ዐዳላ የሚጠይቅ የለም።

«አል-ባሂር» በሒሳብ ሥራነቱ ሲመዘን ድንቅ ነው፤ እንከን ግን አያጣም። ሐሳቡ ሁሉ በቃላት የተጻፈ በመሆኑ ዛሬ በአንድ መስመር የምንጽፈው ነገር በእርሱ ዘንድ ረጅም አንቀጽ ይፈጃል። ለአራተኛው ርቢ ማስረጃ ያቆምና፣ የተረዳ ሰው በዚሁ ጎዳና ወደ አምስተኛውና ከዚያ በላይ ሊሄድ እንደሚችል ያመለክታል። ከአንዱ ረድፍ ወደ ሚቀጥለው የሚወስደው መሰላል እዚህ አለ። መሰላሉ ለማንኛውም ረድፍ እንደሚሠራ በአንድ አጠቃላይ ቃል ማረጋገጥ ግን የለም።

«በዓለም የመጀመሪያው» የሚለው አባባልም አይጸናም። በሕንድ ሐላዩዳ የግጥምን ምጣኔ ሲያብራሩ ይህንኑ ድርድር የገለጹት በ10ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በቻይና ያንግ ሁዊ እ.ኤ.አ. በ1261 ሲያቀርቡት ከእርሳቸው በፊት ለነበሩት ለጅያ ሺየን ሰጥተው ነው፤ እነርሱም ዘንድ አማና ነበር። ኢራናውያን የዑመር ኸያም ጎነ ሦስት ይሉታል። ኸያም ስለ ከፍተኛ ርቢ ዘሮች መጽሐፍ መጻፋቸውን ራሳቸው ይናገራሉ፤ መጽሐፉ ግን የለም፤ ስለዚህ ስያሜው ከማስረጃ ይልቅ በፍቅር የቆመ ነው። ናሲሩዲን አጥ-ጡሲ እ.ኤ.አ. በ1265፣ አል-ካሺ በ1427 በመጻሕፍታቸው አስገብተውታል። ጣሊያኖች ደግሞ በታርታሊያ ይጠሩታል። ሁሉም አገር የራሱን ሰው ስም ለጥፎበታል።

ስለ ፓስካል ፍትሕ መናገርም ግዴታችን ነው። ድርሳናቸው የታተመው ከሞቱ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1665 ነው። በስማቸው የጠሩትም እርሳቸው ሳይሆኑ በ1708 ሞንሞር፣ በ1730 ደ ሟቭር ናቸው። ከአል-ከረጂ ተነሥቶ ፓስካል ዘንድ የሚደርስ የተረጋገጠ ሰንሰለት ያቀረበ የለም። ስርቆት ክስ ነው፤ ክስ ደግሞ በይና ይጠይቃል። ያለ በይና በሙታን ላይ መመስከር በሌላ ሃይማኖት ሰው ላይ ሲሆን የሚፈቀድ ነገር አይደለም። ፓስካል ያመጡት አዲስ ነገርም አለ። አስ-ሰመውአል ያልቋጩትን ለማንኛውም ረድፍ የሚሠራ ማስረጃ በግልጽ አቁመዋል። ሠንጠረዡንም ከመጠናቀቁ በፊት የተቋረጠ የቁማር ጨዋታ ገንዘብ እንዴት ይከፈል ለሚል ጥያቄ ተጠቅመውበታል፤ የዕድል ስሌት የተባለው ትምህርት አንዱ ምንጩ ይኸው ነው። የሐራም ገንዘብ ክፍያን ለመዳኘት የዋለ ስሌት ዛሬ በሕክምናና በግብርና ምርምር ውስጥ ያገለግላል።

ስለ ባለቤትነቱ ይህ ይበቃል። እኔን ይበልጥ የሚቆጨኝ ሠንጠረዡ በእኛ ሊቃውንት እጅ የሠራውን ሥራ አለመማራችን ነው። መነሻው ቋንቋ ነው። አል-ኸሊል ኢብኑ አሕመድ የዐረብኛን ቃላት አንድም ሳይቀር ለመሰብሰብ ሲነሡ ፊደላቱ ስንት ዓይነት ቃል ሊወልዱ እንደሚችሉ መቁጠር ነበረባቸው። ከ28ቱ ፊደላት ሁለት የተለያዩ ፊደላትን መምረጥ በ378 መንገድ ይቻላል፤ ቅደም ተከተላቸው ሲታሰብ 756 ይሆናል። ባለ ሦስት ፊደሉ 19,656፣ ባለ አራቱ 491,400፣ ባለ አምስቱ 11,793,600 ነው። ለአል-ኸሊል የሚጠቀሰው 12,305,412 የነዚህ ድምር ነው። ከዘመናት በኋላ በመራከሽ፣ በ626 ዓመተ ሒጅራ የሞቱት ኢብኑ ሙንዒም «ፊቅሁል ሒሳብ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ይህንኑ ጥያቄ አንሥተው፣ ከአሥር ቀለም ሐር ስንት ዓይነት ጌጥ ሊሠራ እንደሚችል በመቁጠር ሠንጠረዡን ረድፍ በረድፍ ገነቡት። ባለ ሦስት ቀለሙ ብቻ 120 ዓይነት ነው። የዚያው ከተማ ሊቅ ኢብኑል በንና (እ.ኤ.አ. 1256–1321) ሠንጠረዡን ሳይዘረጉ በማባዛትና በማካፈል ብቻ ቁጥሩን የሚያወጡበትን መንገድ አስቀመጡ፤ የውርስ ሁኔታዎችንና የተረሱ ሶላቶችን እስከ መቁጠርም ሄዱ።

የተረሳውን ሶላት ጉዳይ ማንም ኢማም ያውቀዋል። አንድ ሰው ከአንድ ቀን ሶላቶች ሁለቱ እንዳመለጡት አውቆ የትኞቹ እንደሆኑ ቢረሳ፣ አምስተኛው ረድፍ 10 ሁኔታዎች እንዳሉ ይነግረዋል። ሆኖም 10 ሶላት አይሰግድም፤ አምስቱንም አንድ አንድ ጊዜ ቢሰግድ ሁሉም ሁኔታዎች ይሸፈናሉ። ሠንጠረዡ የሚቆጥረው ሁኔታን ነው፤ ሑክሙን የሚሰጠው ፊቅህ ነው። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው ሠንጠረዡን ባይነካው ይሻላል።

ትልቁ ጥቅም ያለው በሚራስ ነው። በሻፊዒ መዝሀብ ለሚራስ ትምህርት በር የሆነችው የ«ረሐቢያ» ግጥም ባለቤት፣ ኢማም አር-ረሐቢ፣ በ577 ዓመተ ሒጅራ የሞቱ የአስ-ሰመውአል ዘመነኛ ናቸው። በአንድ ክፍለ ዘመን ከተጻፉት ከሁለቱ ሥራዎች እኛ አንዱን በቃል ያዝን፤ ሌላውን ስሙንም አልሰማንም። ረሐቢያ ለማስታወስ የተዘጋጀች በመሆኗ በድርሻ ትከፋፈላለች፤ ግማሽ ለማን ይደርሳል፣ ሩብ ለማን፣ ስምንተኛ ለማን እያለች። ደረሳው ድርሻዎቹን አሳምሮ ያውቃል። ፊቱ የቀረበው ቤተሰብ ግን በድርሻ ተከፋፍሎ አይመጣም፤ «ሚስት፣ እናትና ሴት ልጅ ትቶ ሞተ» ተብሎ ነው የሚመጣው። ደረሳው ስንት ዓይነት ቤተሰብ ሊገጥመው እንደሚችልና ከነዚያ ውስጥ የትኞቹን እንዳልተለማመደ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

መንገዱ ይኸውና። ሟቹ ወንድ ከሆነ ፈጽሞ ከውርስ የማይከለከሉት አምስት ናቸው፤ ሚስት፣ አባት፣ እናት፣ ወንድ ልጅ፣ ሴት ልጅ። አምስተኛው ረድፍ ሁኔታዎቹን ያስቀምጣል፤ አንዱ ብቻ የተገኘባቸው 5፣ ሁለቱ 10፣ ሦስቱ 10፣ አራቱ 5፣ ሁሉም 1፣ አንዳቸውም ያልተገኙበት 1። በድምሩ 32። ሟቿ ሴት ከሆነች በሚስት ቦታ ባል ይገባል፤ ሌላ 32። ሐለቃው 64 ጉዳዮችን ከጨረሰ በእነዚህ ወራሾች የቀረ ነገር እንደሌለ በእርግጠኝነት ያውቃል። ይህ ለመድረሳ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በኡሱል ትምህርት ሰብርና ተቅሲም የምንለው፣ ክፍፍሉም አንድ ነገር እንዳያመልጠው «አለ ወይም የለም» በሚል የሚጸናበት ስልት ነው። ሠንጠረዡ የሚደመረውም ስለዚህ ነው። አዲስ ወራሽ ሲታከል እያንዳንዱ ሁኔታ ወይ እርሱን ይይዛል ወይ አይይዝም፤ ሁለቱ ጎረቤት ቁጥሮች የሚደመሩት እነዚህን ሁለቱን ወገኖች ለማገናኘት ነው።

የሠንጠረዡ ድንበር ግን እዚሁ ይታያል። ከ64ቱ መካከል ሁለቱ ዑመሪየተይን ናቸው፤ ሚስት ወይም ባል ከእናትና ከአባት ጋር ብቻ ሲገኙ። ለሠንጠረዡ እነዚህ እንደ ሌሎቹ አንድ አንድ ቁጥር ናቸው። ለፊቅህ ግን እናት የጠቅላላውን ሳይሆን የቀሪውን ሢሶ የምትወስድባቸው፣ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ከብዙኃኑ የተለዩባቸው ጉዳዮች ናቸው። ደግሞ ሚስት፣ አባት፣ እናትና ሴት ልጅ ያሉበትን ሁኔታ እንይ። ሴት ልጅ አንዲት ከሆነች ከ24 ድርሻ ሚስት 3፣ እናት 4፣ አባት 4፣ ልጅ 12 ይወስዳሉ፤ የተረፈው 1 በዐሰባነት ለአባት ይመለሳል። ሴቶች ልጆች ሁለት ከሆኑ 16 ይደርሳቸውና ድምሩ 27 ይሆናል፤ ዐውል ይገባል፤ የሚስት ስምንተኛ ወደ ዘጠነኛ ይወርዳል። ከዐሊይ (ረ.ዐ.) የምትወራው ሚንበሪያ ይህች ናት። «ሴት ልጅ አለች» ብሎ የሚቆጥር ሠንጠረዥ አንዲትን ከሁለት አይለይም። ስለዚህ መምህሩ በየሁኔታው ውስጥ ቁጥሩ ሑክሙን የሚቀይርበትን ቦታ በእጁ ማመልከት አለበት።

ይህን ሁሉ ድካም የሚጠይቀው ምንድን ነው? ጊኒርን በመሳሰሉ ከተሞች አባት ሲሞት የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ለመስጊዱ ኢማም ነው። ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲታይም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ይፈቅዳል። ኢማሙ ያልተለማመደው ሁኔታ ሲገጥመው የሚጎድለው የማን ድርሻ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ የሴት ልጅና የእናት ነው። ድርሻዋን ቆጥራ ለመጠየቅ ያልተማረች ሴት የኢማሙ ስሌት ትክክል መሆኑን ከመተማመን ሌላ ምርጫ የላትም።

እስካሁን ባየሁት መንገድ ለመጀመር ለሚፈልግ መምህር ቀጣዩ እርምጃ የእናት የአባት ወንድምን ማከል ነው። ወራሾቹ ስድስት ሲሆኑ ስድስተኛው ረድፍ 1፣ 6፣ 15፣ 20፣ 15፣ 6፣ 1 ይሆናል፤ ድምሩ 64። ወንድም ያለባቸው 32 ናቸው። አባት ወይም ወንድ ልጅ ሲኖር ወንድም በሐጅብ ይወጣልና ሁለቱም የሌሉባቸውን ብቻ እንያዝ። የሚቀሩት ሚስት፣ እናትና ሴት ልጅ ናቸው፤ ሦስተኛው ረድፍ 1፣ 3፣ 3፣ 1 ይላል፤ ድምሩ 8። ከ32ቱ በ24ቱ ወንድም ምንም አይወስድም፤ በ8ቱ የተረፈውን ይወስዳል። ብቻውን ከሆነ ሁሉንም፤ ከሚስት ጋር ሦስት ሩብ፤ ከሚስትና ከእናት ጋር ከ12 ድርሻ 5፤ ከሦስቱም ጋር ከ24 ድርሻ 5። ከሚስትና ከእናት ጋር በተገኘበት ጉዳይ ወንድሞቹ ሁለት ቢሆኑ እናት ከሢሶ ወደ ስድስተኛ ትወርዳለች፤ ወንድሞቹም ከ12ቱ 7ቱን ይካፈላሉ።